ባቡሩ ኤረርም ላይ ይቁም

የተከበራችሁ የድሬዳዋ ሽማግሌዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ ከሁርሶና ከኤረር ድረስ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ አባቶቻችን፣ ወጣቶች፤ እንደምን አመሻችሁ?

በእጄ የያዝኳት ነገር ከኋላ ለተቀመጣችሁ አትታይ ይሆናል። የባቡር ቲኬት ናት። ከአውራ ጣቴ ብዙም የማትበልጥ ወፍራም ካርቶን። ዳሯ ላይ ኮንትሮለሩ የበሳው ቀዳዳ አለ። ቀለሟ ወይቧል፤ «ድሬዳዋ» የሚለው ግን አሁንም ይነበባል።

ቲኬቷ የአክስቴ ናት። አክስቴ ከድሬ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መስመር ላይ ባለችው ኤረር ነበር የምትኖረው። ብርቱካን ከገበሬ ትሰበስብና በባቡር ድሬ ታመጣ ነበር። ሁለት ዘንቢል። ከዚያ በላይ ብቻዋን ፉርጎ ላይ መስቀል አትችልም። ቀፊራ ገበያ ትሸጣለች፣ እኛ ቤት ታድራለች፣ በማግስቱ ስኳርና ሳሙናዋን ይዛ ትመለሳለች። ልጆቿን ያስተማረችው በእነዚያ ሁለት ዘንቢሎች ነው።

አንድ ቀን ጠዋት እንደ ልማዷ ዘንቢሎቿን ይዛ ጣቢያ ወጣች። ባቡሩ አልመጣም። እስከ ቀትር ጠበቀች። ባቡር ማርፈዱ ብርቅ አልነበረምና አልደነገጠችም። በማግስቱም ሄደች። በሦስተኛው ቀን ብርቱካኑ መለስለስ ጀመረ፤ ለጎረቤት ልጆች አከፋፈለችው። «ከእንግዲህ አይመጣም» ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም። ለዓመታት ፉጨት የሰማች ሲመስላት ከቤት ትወጣ ነበር።

ዛሬ እዚህ የቆምኩት ስለዚያ ባቡር፣ ከጅቡቲ በድሬ አልፎ አዲስ አበባ ይሄድ ስለነበረው አሮጌ ባቡር ልናገር ነው። ትዝታ ብቻ ለመቀስቀስ አይደለም። ተመልሶ ሰው እንዲያሳፍር ለመጠየቅ ነው።

ታሪኩን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ለወጣቶቹ ያህል ባጭሩ ልበል። ዐፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ ሐረር እንዲደርስ ነበር የታሰበው። ተራራው ግን እንቢ አለ፤ ዳገቱን መውጣት ገንዘብም ጊዜም ይበላ ነበር። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ሥር፣ ሜዳው ላይ ቀረ። በታኅሣሥ 1895 ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ዙሪያውን ከተማ በቀለ። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ይቺው ናት። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተተካ፣ ሐዲዱም አዲስ አበባ ለመግባት እስከ 1909 ዓ.ም. ፈጀበት። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ ነገር ብቻ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ይህ መስመር ከዚህ በፊትም ቆሞ ያውቃል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ድልድዮቹ ፈርሰው ባቡሩ ቆሞ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ድልድዮቹ ተጠገኑና ባቡሩ ተመለሰ። ያንን ያደረጉት ሰዎች ከመካከላችን አሉ። ያኔ ጦርነት ያቆመውን ባቡር ማንሳት ከቻልን፣ እርጅና ያቆመውን ማንሳት አይቻልም የሚለኝን ሰው ለመስማት ይቸግረኛል።

አዎ፣ ይሄኛውን ያቆመው እርጅና ነው። ሐዲዱ ተበልቷል። ድልድዮቹ ለቀላል ባቡር ነው የተሠሩት። መለዋወጫ ጠፋ። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱ ጭነት በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ ሲዞር፣ ባቡሩ ጉልበት የሚያስፈልገው ያኔ ነበር፤ ግን ጉልበቱ አልቆ ነበር። ጭነቱን የጭነት መኪና ወሰደው። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ እድሳት ተጀመረ፤ ዳር ሳይደርስ ቀረ። በ2000 ዓ.ም. ግድም ከአዲስ አበባ ወደ ድሬ ሰው የሚያመላልሰው ባቡር ቀረ።

አሁን ብዙ ሰው «አዲሱ ባቡር አለ አይደል እንዴ?» ይለኛል። አለ። በመስከረም 2009 ሲመረቅ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁንም ደስ ይለኛል። በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ፈጣን ነው፣ ከባድ ጭነት ይጎትታል። የተሠራው ግን ወደቡን ከመሃል አገር ለማገናኘት ነው። ጣቢያው ከከተማ ውጭ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ሌላ መኪና መያዝ ያስፈልጋል። ትንንሾቹን ጣቢያዎች አያውቃቸውም። የአክስቴ ብጤዋ ሴት ዛሬ መንደሯ ላይ ሆና አዲሱን ባቡር ብታይ፣ የምታየው ሲያልፍ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የነገሩ ልብ ይሄ ስለሆነ።

ባቡርን የምናስበው በሁለት ጫፉ ነው። ጅቡቲና አዲስ አበባ። አሮጌው ባቡር ግን የኖረው በመሃሉ ነው። ሽንሌ፣ ሁርሶ፣ ኤረር፣ ጎታ፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አሰቦት። ባቡሩ ኤረር ሲቆም ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ገና ፍሬኑን ሳይጨርስ እናቶች ከመስኮቱ ሥር ናቸው። ብርቱካን በሰሃን፣ ወተት በዕቃ፣ የተቀቀለ እንቁላል። አንዷ በሶማሊኛ ትጠራለች፣ አንዷ በኦሮምኛ፣ ተሳፋሪው በአማርኛ ይከራከራል፣ ገንዘቡ በመስኮት ይወርዳል፣ መልሱ ከሚንቀሳቀስ ባቡር ጋር እየተሮጠ ይሰጣል። መልሱን ሳትሰጥ የቀረች ሴት አላስታውስም። ያ ጥቂት ደቂቃ ለመንደሩ ገበያ ነበር፣ ፖስታ ነበር፣ ሐኪም ቤት መሄጃ ነበር። የታመመ ሰው በባቡር ነበር ድሬ የሚመጣው። ተማሪም፣ ሙሽራም እንደዚያው።

ባቡሩ ሲቀር ትልልቆቹ ከተሞች መኪና መንገድ አገኙ፤ ኑሯቸው ቀጠለ። የጎዳው መሃሉን ነው። ጣቢያው የመንደሩ መነሻ የነበረበት ቦታ ላይ፣ ጣቢያው ሲዘጋ መንደሩም አብሮ ጭር አለ። ወጣቱ ወጣ። ሽማግሌው ቀረ።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለው አሮጌ መስመር ሁሉ ይታደስ አልልም። አዲስ አበባ ውስጥ ለገሃር አካባቢ ከተማው ተለውጧል፤ በመሃልም ሐዲዱ የተነቀለበት፣ ቤት የተሠራበት አለ። ያንን እንመልስ ብል ራሴንም እናንተንም ማታለል ይሆናል። የምጠይቀው ከድሬዳዋ እስከ ኤረር ነው። አጭር ቁራጭ። ሁለት ሦስት ፉርጎ ያላት ቀላል ባቡር፣ ጠዋት ከኤረር ወደ ድሬ፣ ማታ ከድሬ ወደ ኤረር። መሮጥ አያስፈልጋትም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ይበቃል፤ አክስቴን ያስቸገራት ፍጥነት ሆኖ አያውቅም። የምትፈልገው እንደሚመጣ ማወቅ ነበር። ያቺ አጭር መስመር ከሠራች ጎታ ይከተላል፣ አፍደም ይከተላል።

እንዲህ ዓይነት ነገር ያደረጉ አሉ፤ ሩቅም አይደሉም። ኬንያ ከሞምባሳ ናይሮቢ አዲሱን ሰፊ ሐዲድ በ2009 ዓ.ም. ከፈተች። አሮጌውን ባለ አንድ ሜትር ሐዲድ ግን አልጣለችውም። ከናይሮቢ ናንዩኪ የሚወስደው መስመር ለዓመታት ሣር በቅሎበት ነበር። ወታደሩ፣ የብሔራዊ አገልግሎት ወጣቶችና የባቡር ሠራተኞቹ አብረው ጠገኑትና በ2013 ዓ.ም. መንገደኛ ጫነ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ወደ ኪሱሙ የሚሄደው መንገደኛ ባቡር ተመለሰ። ልብ በሉ፤ የእኛም አሮጌ ሐዲድ ስፋቱ ያው አንድ ሜትር ነው።

ኤርትራም አለች። ከምጽዋ አስመራ ያለው 118 ኪሎ ሜትር በጦርነቱ ጊዜ ተነቅሎ ብረቱ ምሽግ ሆኖ ነበር። ከነጻነት በኋላ ብረቱን ከየምሽጉ ሰብስበው፣ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ የባቡር ሠራተኞችን ከየቤታቸው ጠርተው፣ መልሰው ዘረጉት። በ1995 ዓ.ም. ባቡሩ አስመራ ገባ። እንደ ድሮው በየቀኑ ሰው የሚያመላልስ ባቡር አልሆነም፤ ያንን መደበቅ አልፈልግም። ሐዲዱን ያስነሳው ግን የሽማግሌዎቹ እጅ ነው። እዚህ ፊት ለፊቴ የተቀመጣችሁ አባቶች ስታዩኝ ስለዚያ እጅ ነው የማስበው። የድሬዳዋን ወርክሾፕ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የትኛው ድልድይ በክረምት እንደሚንቀጠቀጥ፣ የትኛው ኩርባ ላይ ፍጥነት መቀነስ እንዳለበት በወረቀት ላይ የሌለ እውቀት ጭንቅላታችሁ ውስጥ አለ። ያ እውቀት ከእናንተ ጋር እንዳይሄድ እፈራለሁ።

ስለ ኩርባ ካነሳሁ፣ የአዋሽን አደጋ ሳልጠራ ማለፍ አልችልም። ጥር 1977 ዓ.ም. ባቡሩ አዋሽ አካባቢ ኩርባ ላይ በፍጥነት ሲሄድ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው እሱ ነው። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ በዚያ ቀን ዘመድ ያጣ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ስለዚህ «ብቻ ባቡሩ ይምጣ» የሚል ነገር ከእኔ አትሰሙም። ድልድይ በባለሙያ ሳይመረመር፣ ፍሬን ሳይፈተሽ፣ ነጂው ሳይሠለጥን አንድ ሰው እንኳ መሳፈር የለበትም። መዘግየት ካለበት ይዘግይ።

ከብቱም አለ። አዲሱ ባቡር ግመልና ላም እየገጨ ከአርብቶ አደሩ ጋር ስንት ክርክር እንደተፈጠረ ታውቃላችሁ። አሮጌው ባቡር ሲያዘግም እረኛው ከብቱን ለማሻገር ጊዜ ነበረው። አሁንም ማቋረጫው የት ይሁን የሚለውን መወሰን ያለበት ከብቱን የሚነዳው ሰው ነው፤ ከኤረር የመጣችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፣ ዛሬ ማታ እንድትናገሩበት እለምናለሁ።

ገንዘብስ? ይህን ጥያቄ አልሸሽም። መንገደኛ የሚጭን ትንሽ ባቡር በቲኬት ብቻ ወጪውን አይሸፍንም። በየትኛውም አገር ብዙውን ጊዜ አይሸፍንም። ግን አስፋልቱን «አተረፍክ ወይ?» ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። መንገድ የሚሠራው ሰው እንዲሄድበት ነው፤ ትርፉ የሚገኘው በሄደው ሰው ሥራ ነው። አክስቴ በሁለት ዘንቢል ሦስት ልጅ አስተምራለች። ያ በየትኛው የሒሳብ መዝገብ ላይ ነው የሚጻፈው?

ከገንዘቡ በፊት ግን ምንም የማያስወጣ ነገር አለ። ወሰኑን ማስከበር። ሐዲዱ ያረፈበት መሬት በየቀኑ እየጠበበ ነው። አንድ ሰው አጥር ያስገባል፣ ሌላው ግንብ ይሠራል፣ ብረቱ ለቁርጥራጭ ይሸጣል። ሐዲድ ቢጠፋ ሐዲድ ይገዛል። መሬቱ ከተያዘ ግን ባቡሩ የሚያልፍበት የለም። ስለዚህ ለከተማው አስተዳደርም፣ ለሶማሌ ክልል ወገኖቻችንም፣ ሐዲዱን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤትም ያለኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄ ነው፦ ከድሬ እስከ ኤረር ያለው ወሰን ተለክቶ ይከበር፣ አንድም ብረት ከዚያ እንዳይወጣ ይታዘዝ። ይህ የአንድ ደብዳቤ ሥራ ነው።

ሁለተኛውን ሥራ ራሳችን እንጀምረው። ሐዲዱን በእግራችን እንየው። የትኛው ብረት አለ፣ የትኛው ጠፍቷል፣ የትኛው የውሃ መውረጃ በአሸዋ ተደፍኗል፣ የትኛው ጣቢያ ጣሪያው ቆሟል። ወጣቶቹ በስልክ ፎቶ ያነሳሉ፣ አባቶች ስሙንና ጉዳቱን ይናገራሉ፣ እኛ እንጽፋለን። ባለሥልጣን ፊት ስንቀርብ በምኞት ሳይሆን በዝርዝር እንቅረብ።

የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አሮጌው ጣቢያ በር ላይ እንገናኛለን። የመጀመሪያው ቀን ጉዞ አጭር ነው፤ ከከተማው መውጫ አናልፍም። መራመድ የሚከብዳችሁ አባቶች ባጃጅ አዘጋጅተናል፤ በየማቋረጫው ትጠብቁናላችሁ። ውሃና ኮፍያ ያዙ። ደብተሩን እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ የአክስቴ ቲኬት የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተለጥፋለች።