ሦስት ቁልፍ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም። እኔና ማይኩ ብቻ ነን፤ ከላያችን ላይ ደግሞ ብርድ ልብስ አለ። አትሳቁብኝ። ቤቱ ባዶ ስለሆነ ድምፅ ያስተጋባል፣ ለዚህ ነው ተከናንቤ የምቀዳው። መሀል ላይ ዶሮ ከጮኸ የአከራዬ አውራ ዶሮ ነው። ሰዓት አያውቅም።

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ጂሲ ናት። ግቢ ላልገባችሁ፣ ተመራቂ ማለት ነው። ባለፈው እሑድ ደውላ የመውጫ ፈተናው እንቅልፍ እንደነሳት ነገረችኝ። እኔ ያን ፈተና አልቀመስኩትም፤ በ2015 ነው የተጀመረው፣ ቀድሜ አመለጥኩ። እሷ ግን ያን ሁሉ ዓመት ተምራ መጨረሻ ላይ 50 ከመቶ ካላመጣች ዲግሪ የለም። እንደ ታላቅ እህት የሚባለውን ሁሉ አልኳት። ልንዘጋ ስንል «ለመሆኑ አንቺን ከተመረቅሽ በኋላ በጣም የከበደሽ ምን ነበር?» አለችኝ።

«ሥራ መፈለግ» ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን ዓይኔ በሩ ላይ ነበር። በሩ ላይ አንድ ቢጫ ጓጉንቸር ቁልፍ ተንጠልጥሏል። «ቆይ፣ አስቤ እነግርሻለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ይኸው አሰብኩ። ረዘም ስለሚል ከእናንተ ጋር ትስማው።

ጓጉንቸሩ የተገዛው በ2010 ነው። ምደባ ወጥቶ ባሕር ዳር ሲደርሰኝ፣ እናቴ ዝርዝር ይዛ መርካቶ ወሰደችኝ። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ባልዲ፣ ጆግ፣ ነጠላ ጫማ። ብርድ ልብሱን በአምስት ደቂቃ ገዛን። ጓጉንቸሩ ላይ ግን ግማሽ ሰዓት ቆምን። ሻጩ ፊት አራት ጊዜ ቆልፋ ከፈተችው። ከዚያ ቆልፋ በሁለት እጇ ይዛ ጎተተችው፣ እንደ ሌባ። ሻጩ «እናት፣ ባንክ ሊዘጉበት ነው እንዴ?» አላት። «ልጄን ነው የምልከው» አለችው። ምን ለማለት እንደፈለገች እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከሦስት ቁልፍ ጋር ነው የተሸጠልን፣ በቀጭን ሽቦ ታስረው። የምሄድ ቀን ማለዳ፣ አውቶብሱ አጠገብ ቆመን፣ አንዱን ከሽቦው ፈትታ መሀረቧ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

«እማዬ፣ ምን ልታደርጊበት?»

«ቢጠፋብሽስ?»

«ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር መጥተሽ ልትከፍችልኝ ነው?»

«እልክልሻለሁ። አውቶብስ ምን ሊሠራ ነው የሚመላለሰው?»

ጓደኞቼ ፊት አፈርኩባት። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ እኮ ነው! ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ!

ፔዳ የሚባለው ግቢ ነው የገባሁት። ፔዳና ፖሊ ድሮ ለየብቻ ነበሩ፤ አንዱ የመምህራን፣ አንዱ የፖሊቴክኒክ። በ1992 ነው ተቀላቅለው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆኑት። ወረቀት ላይ ማለቴ ነው። በእኛ ጊዜ አንዲት የፔዳ ልጅ ፖሊ አድራ ስትመጣ ከውጭ አገር የተመለሰች ያህል ነበር ከበን ወሬ የምንጠይቃት።

ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነበርን። ሦስት ተደራራቢ አልጋ፣ ስድስት ሎከር። ከእኔ አልጋ በላይ የምትተኛው የሐዋሳ ልጅ ነበረች። ስሟን አልጠራም፣ ይኼን ስለምትሰማ። «ላዬ» ነበር የምላት፤ እሷም «ታቼ» ትለኛለች። ግቢው ውስጥ ሰው እውነተኛ ስማችን ይመስለው ነበር።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው። ሻወር ልገባ ሎከሬን ዘጋሁ። ጓጉንቸሩ ቀጭ አለ። ያን ድምፅ እንደሰማሁ ልቤ ወረደ። ቁልፉ ውስጥ ነው። ሁለተኛውስ? እሱም ውስጥ ነው፤ ከመጀመሪያው ጋር እዚያው ሽቦ ላይ። ፎጣ ታጥቄ ሎከሩ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ጥገና ጠርተን እናስቆርጠው ብንል፣ እናቴ ያን ያህል ጎትታ የገዛችውን ጓጉንቸር! አላስቻለኝም። ደወልኩላት።

ዝም አለች። ቀጥላ «እሺ» አለች። «እሺ» ብቻ! ይኼን ጊዜ ልትስቅብኝ፣ «አላልኩሽም?» ልትለኝ ስትችል።

ቁልፉ በፖስታ ታሽጎ በአውቶብስ ረዳት እጅ በሁለተኛው ቀን ደረሰ። ሁለቱን ቀን የላዬን ልብስ ለብሼ ክፍል ገባሁ። እሷ ረጅም ናት፣ እኔ አጭር ነኝ፤ ሱሪዋን ሦስት ጊዜ ነው ያጠፍኩት። ሎከሩ ሲከፈት እጇን ዘረጋችና «አንዱን እኔ ልያዘው፤ ሱሪዬን አላምንሽም» አለች። እናቴ ደግሞ ለእረፍት አዲስ አበባ ስገባ ገና ሻንጣዬን ሳላወርድ «ቁልፌን መልሺ» አለችኝ። ቁልፌን!

ከዚያ በኋላ የላዬና የእኔ ሎከር የማን እንደሆነ ጠፋ። ሳሙና የላትም፣ ከእኔ ትወስዳለች። ሃያ ብር የለኝም፣ ካልኩሌተሯ ሥር ሃያ ብር አገኛለሁ።

ስለ ግቢ ሲወራ ሁሉም ስለ ፍቅርና ስለ ፈተና ያወራል። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። እዚያ ሰው ለማግኘት ምንም ማድረግ አያስፈልግም ነበር። ቀጠሮ የለም፣ ታክሲ የለም። «ተኝተሻል?» ትላለህ፣ ከላይ «እህ» ይልሃል። በቃ። ማታ ማታ ወደ ዓባይ በኩል እንሄዳለን፤ ጉማሬ ይወጣል ይባላል፣ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ጀርባውን አየሁ፤ ላዬ ድንጋይ ነው ብላ እስካሁን ትከራከራለች።

ደግሞ ቡናው። ዶርም ውስጥ ስቶቭ ክልክል ነው። እኛ ነበረን። በጨርቅ ተጠቅልሎ ባልዲ ውስጥ፣ ባልዲው አልጋዬ ሥር። መቁላት ስለማይታሰብ፣ ሽታው ፎቁን ስለሚያዳርስ፣ የተፈጨ ነበር የምናፈላው። አንድ ቅዳሜ ግን የአንዷ ልጅ እናት ከወለጋ ጥሬ ቡና ላከች። እንዲያው ትንሽ፣ አንድ እፍኝ ብቻ ብለን ቆላን። መስኮት ከፈትን። በሩ ሥር ፎጣ ወተፍን። በአንሶላ ጭሱን ወደ ውጭ ስናርገበግብ በሩ ተንኳኳ።

ፕሮክተሯ ናቸው፤ የዶርሙ ተቆጣጣሪ። ትልቅ ሴት ነበሩ፣ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ገቡ። አንሶላ ይዘን የቆምነውን አዩ። ስቶቩን አዩ። የታጠበው ሲኒ ስድስት መሆኑን ቆጠሩ። ጫፉ ላይ ያለችው አልጋ ላይ ቁጭ አሉና «ሰባተኛ የለም?» አሉ። በውሃ መጠጫ ብርጭቆ ቀዳንላቸው። እስከ ቶና ጠጥተው ተነሱና «ይኼ ስቶቭ ነገ እዚህ እንዳላየው» አሉ። እውነትም አላዩትም፤ ከዚያ በኋላ አልጋ ሥር ጎንበስ ብለው አያውቁም።

መጋቢት 2012 ኮሮና መጣና ሁላችንም ወደየቤታችን ተላክን። ለሁለት ሳምንት መስሎን አንድ ቦርሳ ብቻ ይዘን። ስንመለስ ዓመቱ ተቀይሮ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አላወራም፤ ሁላችሁም የራሳችሁ አላችሁ።

ከዚያ ጂሲነት። የመቶ ቀን፣ ከለር ደይ፣ የሱፍ ቀን። ለምረቃ መጽሔቱ «ላስት ወርድ»፣ የመጨረሻ ቃል፣ ጻፉ ተባልን። ሰው ሁሉ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ጥቅስ ጻፈ። እኔ «ገና ጀመርኩ» ብዬ ጻፍኩ። አሁን ሳነበው ብርድ ልብስ ውስጥ መግባት ያምረኛል። ለነገሩ ውስጥ ነኝ። ላዬ ደግሞ «ሱሪዬን መልሽልኝ» ብላ ጻፈች። ጠረዙት። እስከ ዛሬ መጽሔቱ ላይ አለ።

ሥራ ፍለጋውን ታውቁታላችሁ። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ቆሞ ማንበብ፣ ቴሌግራም ላይ ማደር፣ «0 ዓመት ልምድ» የሚል ስታገኝ ከአንተ በፊት አንድ ሺህ ሰው እንዳየው ማወቅ። ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ። ዘመድ በመጣ ቁጥር የምረቃ ፎቶዬ ከግድግዳው ላይ በጋዋን ፈገግ ብሎ ያየኛል፣ እኔ ደግሞ ፒጃማ ለብሼ ሻይ አቀርባለሁ። ያ ይከብዳል፣ አልዋሽም። ግን ለሥራ ማጣት ሰው ሁሉ ስም አለው፤ «እግዜር ያውቃል» ይልሃል፣ ሲቪህን ይቀበልሃል። ማታ አራት ሰዓት ላይ «ተኝተሻል?» ብዬ የምጠይቀው ሰው ማጣቴን ግን ለማን ልንገር? እናቴ ሳሎን አለች። ወንድሜ ጓዳ አለ። ቤቱ ሙሉ ነው። እኔ ጣሪያ እያየሁ ከላዬ የማንም አልጋ አለመንቀጥቀጡ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

ላዬ ሐዋሳ ገብታለች። መጀመሪያ በየቀኑ እንደዋወል ነበር። ከዚያ በሳምንት። ከዚያ ለበዓል። አዲስ አበባ ያሉት ጓደኞቼም አንዷ ሰሚት፣ አንዷ አስኮ። «እንገናኝ እንጂ!» «ደሞዝ ይውጣና።» ደሞዝ ይወጣል፣ ሰው አይወጣም። ማንም አልተጣላም፣ ማንም ማንንም አልረሳም። ታክሲና ጊዜ ብቻ ነው። ይኼን ነበር እህቴን ልላት የፈለግኩት።

በ2014 መጨረሻ ሥራ አገኘሁ። ጁኒየር አካውንታንት፣ 6,000 ብር። የመጀመሪያ ሥራዬ ፔይሮል መሥራት ነበር፤ የገዛ ደሞዜን በገዛ እጄ ቆረጥኩት። የሥራ ግብር 935። ጡረታ 7 ከመቶ፣ 420። በ22 ዓመቴ ጡረታ! ለወጪ መጋራት 10 ከመቶ፣ 600፤ ግቢ የበላሁት ሽሮና የተኛሁበት አልጋ። እጄ ላይ የደረሰው 4,045 ብር። ለእናቴ ነጠላ ገዛሁላት። ለብሳው ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ለማን እንዳሳየች አልነግራችሁም፤ ሰበካው በሙሉ ያውቃል።

ቤታችን ጣፎ ነው፣ ቢሮው ለቡ። ለአንድ ዓመት ከምናምን በሦስት ታክሲ ተመላለስኩ። ደሞዝ ሲጨመርልኝ ቢሮው አካባቢ አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት አገኘሁ። አክስቴ «ሳታገባ?» አለች። እናቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ራሷ ዕቃዬን ማሸግ ጀመረች። ባልዲውን፣ ብርድ ልብሱን። ጓጉንቸሩን ከመሳቢያ አውጥታ ቆልፋ ጎተተችው፤ አሁንም ደህና ነው። ከዚያ ወደ መኝታ ቤቷ ገብታ መሀረቧን ይዛ መጣች። ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው።

«ይኸው ቁልፍሽ።»

«ያንቺ ነው እኮ እማዬ። ቢጠፋብኝስ?»

«የግቢው የእኔ ነበር። ይኼ የራስሽ ቤት ነው። እኔ ስመጣ አንኳኩቼ ነው የምገባው።»

ጋዋን የለበስኩ ቀን አላለቀስኩም። ያን ቀን ሽንት ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ። ቁልፏን እንደ ምንም አስቀምጪልኝ ብዬ ብለምናት ኖሮ ትይዘው ነበር፣ አውቃለሁ። አልለመንኳትም። እውነትም ስትመጣ ታንኳኳለች። በሩ ገርበብ ብሎ እንኳ ቆማ ታንኳኳለች።

እና ባለፈው ወር። የወር መዝጊያ ነው፣ ቢሮ ውስጥ ቀና የሚል ሰው የለም። ስልኬ ጠራ። ላዬ።

«ለሥልጠና አዲስ አበባ መጥቻለሁ። በርሽ ላይ ነኝ።»

«የት? የእኔ በር? ሳትነግሪኝ?»

«ልነግርሽ እና ቀጠሮ ልትሰጪኝ?»

«እስከ አስራ ሁለት ሰዓት አልወጣም እኮ! አከራዬ ጋ ቁጭ በይ፣ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ከዶሮው ብቻ ተጠንቀቂ...»

ዝም አለች። የቁልፍ መያዣ ሲንሿሿ ሰማሁ። ቀጥሎ በስልኩ ውስጥ፣ ቀጭ።

«ታቼ፣ ይኼ ያው ጓጉንቸር አይደል እንዴ?»

መልስ መስጠት አቃተኝ። አጠገቤ ያለው ልጅ ምን ሆነሽ ነው ይለኛል። እሷ ገብታለች፤ ጫማዋን ስታወልቅ፣ አልጋው ላይ ስትቀመጥ ይሰማኛል።

«ቡናሽን የት ነው የምታስቀምጪው?» አለችኝ።

«አልጋ ሥር፣ ባልዲው ውስጥ» አልኳት።