ትንፋሽ ቶሎ ይመጣል፣ አጥንት ይዘገያል፦ ወታደራዊ ስልጠና ስለመግባት የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የደወላችሁልን አብዛኞቻችሁ መሠረታዊ ወታደራዊ ስልጠና ልትገቡ የምትዘጋጁ ናችሁ። አንዲት እናትም ደውለውልናል። አየር ላይ ሰዓት ስላጠረን በጥድፊያ የመለስኩትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ጽፌዋለሁ።

«ቁመቴ 1.74 ሜትር፣ ክብደቴ 96 ኪሎ ነው። ስልጠናው ሊጀመር 10 ሳምንት ቀርቶታል። እስከዚያ 80 ኪሎ መግባት እችላለሁ?»

ወንድሜ፣ 16 ኪሎ በ10 ሳምንት ይበዛል። ሰውነትህን ሳትጎዳ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ብትቀንስ ጥሩ ነው። ስለዚህ ከ5 እስከ 10 ኪሎ አስብ። 80 ኪሎ ሆነህ ጉልበትህ አልቆ ከምትገባ፣ 88 ኪሎ ሆነህ በደንብ እየሮጥክ ብትገባ እመርጥልሃለሁ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። በቀን 500 ካሎሪ ብታጎድል በ2 ሳምንት አንድ ኪሎ ያህል ይወርዳል። መጀመሪያ የምትጠጣውን ተመልከት። ግማሽ ሊትር ስኳር ያለው ለስላሳ ብቻውን ከ200 ካሎሪ በላይ አለው፤ ሆድ ግን አይሞላም። ፕሮቲን ግን አትቀንስ። እየከሳህ ጡንቻህ አብሮ እንዳይሄድ የሚጠብቅልህ እሱ ነው። ልትደርስበት ለምትፈልገው ክብደት በኪሎ 1.6 ግራም ገደማ ይበቃል። ለ80 ኪሎ በቀን 130 ግራም አካባቢ ማለት ነው።

ሁለት ነገር ልጨምርልህ። የመግቢያ መስፈርቱ በክብደት ይሁን በወገብ ልክ ዛሬውኑ ጠይቅ። ካልደረስክም ቀኑ ይራዘምልህ እንደሆነ ጠይቅ፤ ምንም አያሳፍርም። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ2022 መስፈርቱን በጥቂቱ ላላሟሉ ምልምሎች እስከ 90 ቀን የሚቆይ የቅድመ ስልጠና ፕሮግራም ጀምሯል። ዝግጅቱ ወራት እንደሚፈልግ ጦሩ ራሱ አውቆታል። ሁለተኛው፣ የመጨረሻዋን ሳምንት ጠግበህ ብላ። ስልጠናው ከፍተኛ ኃይል ይጨርሳል፤ ተርበህ አትግባ።

«ከ3 ሳምንት በፊት በየቀኑ 5 ኪሎ ሜትር መሮጥ ጀመርኩ። ትንፋሼ በጣም ተሻሽሏል፤ ግን አገዳዬን እያመመኝ ነው። ችዬው ልቀጥል?»

አትቀጥል። ይህን ጥያቄ በጣም ስጠብቀው ነበር፤ ስልጠና ሳይጀምሩ የሚቀሩ ብዙ ልጆች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነውና።

ልብና ትንፋሽ በጥቂት ሳምንታት ይሻሻላሉ። አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። አጥንት አዲስ ጫና ሲመጣበት መጀመሪያ የተጎዳውን ክፍል ያነሳል፤ አዲሱን የሚተካው ከዚያ በኋላ ነው። ማንሳቱ ሳምንታት ይፈጃል፣ መተካቱ ግን ከዚያ በጣም ይረዝማል። መሀል ላይ አጥንቱ ከበፊቱም ደከም ያለ ነው። ትንፋሽህ «እችላለሁ» ሲልህ፣ አገዳህ ገና ግንባታ ላይ ነው። በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት ላይ ብዙ ሰው የሚያመውም ለዚህ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ብራይትሃውፕት የሚባል የፕሩሲያ ጦር ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1855 ረጅም ጉዞ የተጓዙ ወታደሮች እግራቸው እያበጠ እንደሚያማቸው ጽፎ ነበር። የአጥንት ስንጥቅ መሆኑ የታወቀው ኤክስሬይ ከመጣ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ በየአገሩ ምልምሎችን ከስልጠና ያስወጣል።

አሁን አንድ ነገር ሞክር። ቁጭ በልና ያመመህን እግር ጉልበትህ ላይ አስቀምጠው። የአገዳ አጥንትህን የውስጥ ጠርዝ ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ በአውራ ጣትህ ቀስ እያልክ ተጫን። ሕመሙ የመዳፍ ያህል ርዝመት ላይ የተበተነ ከሆነ፣ ሺን ስፕሊንት የሚባለው፣ ማለትም በአገዳ አጥንት ጠርዝ ላይ የሚመጣ የጫና ሕመም፣ ሊሆን ይችላል። ሩጫውን ለ2 ሳምንት አቁመህ በብስክሌት ወይም በዋና ብትተካው ብዙ ጊዜ ይበርዳል። ሳንቲም በምታህል አንድ ቦታ ላይ ሲነካ የሚያስዘልል ሕመም ካገኘህ ግን፣ ወይም ተኝተህ ሌሊት የሚያምህ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ሩጫ አቁምና ሐኪም ዘንድ ሂድ። ለሐኪሙ ወታደራዊ ስልጠና ልትገባ እየተዘጋጀህ እንደሆነ ንገረው። እንዲህ ያለው ሕመም የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ ስንጥቁ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኤክስሬይ ላይ ላይታይ ይችላል። አንድ ልጅ «ኤክስሬዩ ንጹሕ ነው ተብያለሁ» ብሎኝ መሮጡን ቀጠለ። ከ3 ሳምንት በኋላ በክራንች መጣ። አሁንም ባሰብኩት ቁጥር ይቆጨኛል፤ ጠንከር ብዬ ልከለክለው ይገባኝ ነበር።

ሕመሙ ሲጠፋ ካቆምክበት አትጀምር። 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፤ ይህንን 8 ጊዜ ደጋግም። በሳምንት 3 ቀን፣ በመሀል አንድ ቀን እያረፍክ። እየሮጥክ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተህ ፈጥነሃል። በየሳምንቱ የሩጫውን ደቂቃ ትንሽ ጨምር፣ የእርምጃውን ቀንስ። ብዙ ጦሮች የ2.4 ኪሎ ሜትር ሩጫ ይፈትናሉ። ሰዓትህን ለማወቅ በ3 ወይም በ4 ሳምንት አንዴ ብትሮጠው ይበቃል። በየቀኑ ራስህን አትፈትን።

«ላስቲክ ተጠቅልዬ ብሮጥ ቦርጬ ቶሎ ይጠፋል?»

አይጠፋም። የሚወጣው ውሃ ነው፤ ስትጠጣ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ 3 የኮሌጅ ትግል ስፖርተኞች እንዲህ ባለ ዘዴ ክብደት ሊቀንሱ ሲሉ ከአንድ ወር ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ሞተዋል። ላስቲኩን እባክህ ጣለው።

«ሴት ነኝ፣ አንድ ፑሽ አፕ እንኳ አይወጣልኝም። በጉልበቴ ልሥራ?»

እህቴ፣ በጉልበት ከመሥራት ይልቅ እጅሽን ከፍ ያለ ነገር ላይ አድርጊ። መጀመሪያ ግድግዳ፣ ከዚያ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ዝቅ ያለ አግዳሚ፣ በመጨረሻ መሬት። እንዲህ ስታደርጊ ሰውነትሽ ከተረከዝ እስከ ራስ ቀጥ ብሎ መቆየትን ይለምዳል፤ ፈተናው ላይ የሚታየውም እሱ ነው። በቀን 4 ጊዜ፣ በየጊዜው ከምትችዪው ሁለት አጉድለሽ ሥሪ። 10 የምትችዪ ከሆነ 8 ላይ አቁሚ። መሬት ላይ ደግሞ በ5 ሰከንድ ቀስ ብለሽ መውረዱን ብቻ ተለማመጂ፤ ለመነሳት ጉልበትሽን ተጠቀሚ። መውረዱን የቻለ ክንድ መውጣቱንም ይለምዳል።

ያልጠየቅሽኝን ልጨምር። ክብደት እየቀነስሽ ሳለ የወር አበባሽ ከቀረ፣ የምትበዪው ምግብ አንሷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ አጥንትሽም አብሮ ይጎዳል። የአጥንት ስንጥቅ ከወንድ ይልቅ ሴት ምልምሎችን ያጠቃል። ሐኪም ጋ ሄደሽ የብረት መጠንሽንም ተመርመሪ።

«ልጄ ሌሊት 10 ሰዓት እየተነሳ፣ አዲስ ቡት ጫማ አድርጎ፣ 25 ኪሎ ተሸክሞ ይሮጣል። ይጎዳብኝ ይሆን?»

እናቴ፣ ስጋትዎ ልክ ነው። ብርታቱን ግን አይንቀፉበት፤ ሸክሙን ብቻ ያስቀንሱት። ለጀማሪ ከክብደቱ 10 በመቶ ይበቃል። 70 ኪሎ ከሆነ 7 ኪሎ ማለት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ በእርምጃ እንጂ በሩጫ አይደለም። ከባዱን ዕቃ ቦርሳው ውስጥ ከፍ አድርጎ ወደ ጀርባው ያስጠጋው። ርቀት በጨመረበት ሳምንት ኪሎ አይጨምር። ቡቱን ቤት ውስጥና በአጭር መንገድ ያለማምደው፤ ሩጫው በስፖርት ጫማ ይሁን።

አንድ ምልክት ይወቁልኝ። ከከባድ ልምምድ በኋላ ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረና ጡንቻው ከተለመደው በላይ ካመመው፣ ጡንቻው ፈርሶ ኩላሊቱን እያስቸገረ ሊሆን ይችላል። ጠዋት እስኪሆን አይጠብቁ፤ ወዲያው ሆስፒታል ይውሰዱት።

«2 ሳምንት ብቻ ነው የቀረኝ፤ ምንም አልሠራሁም። ምን ላድርግ?»

በ2 ሳምንት አቅም አይገነባም፤ ጉዳት ግን ይመጣል። ስለዚህ ያለህን ጠብቅ። በየቀኑ ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ፈጠን ብለህ ተራመድ። ስልጠናው ሞቃት ቦታ ከሆነ በሙቀቱ ሰዓት ተራመድ። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይበቃዋል፤ ጊዜህ ልክ ደርሷል። ውሃ ጠጣ፤ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ1.4 ሊትር አትለፍ። ከዚያ በላይ ሲሆን የደም ጨው ወርዶ ራስን ሊያስት ይችላል። የምታጨስ ከሆነ ዛሬ አቁም። ከአሁኑ በጊዜ መተኛትና ማልዶ መነሳት ልመድ። የመጨረሻዎቹን 2 ቀን ሙሉ በሙሉ ዕረፍ። የእግር ጥፍርህን ቀጥ አድርገህ ቁረጥ፤ ጎንና ጎኑን አታጎድጉደው፣ ቡት ውስጥ ሥጋህን ይወጋሃል።