በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን አባላት፣ ውድ እንግዶች፣ እናቶችና አባቶች፤ እንኳን ለጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴውንና ወጥ ቤት ውስጥ የሚደክሙልንን እህቶች አመሰግናለሁ። የልጆቹ የአማርኛ ትምህርት አልተቋረጠም፣ ዕድራችንም ዕዳ የለበትም፤ ዝርዝሩ በእጃችሁ ባለው ሪፖርት ስለሚገኝ ዓመቱን ሙሉ ወዳሳሰበን ጉዳይ ልግባ።

እዚህ ስዊድን የምንኖርበት ማዘጋጃ ቤት፣ ኮሙናችን፣ ለማኅበራት የሚሰጠውን ድጎማ ቀንሶብናል። አዳራሹን የምንከራየው በዚያ ገንዘብ በመሆኑ ብዙዎቻችሁ ደውላችሁ ተቆጥታችኋል፤ ቁጣችሁም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ይህን የወሰነው ምክር ቤት እንዴት እንደሚመረጥ ለማስረዳት በብርዱ ወራት ባዘጋጀናቸው ምሽቶች ከሰው ይልቅ ባዶው ወንበር ይበዛ ነበር።

ቡና ላይ ስንቀመጥ 349 መቀመጫ ስላለው የስዊድን ፓርላማ፣ ስለ ሪክስዳግ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2022 «ስዊድን ዴሞክራቶች» በተባለው ፓርቲ ድጋፍ ስለ ተመሠረተው የሦስት ፓርቲዎች መንግሥት አጥብቀን እንከራከራለን። እ.ኤ.አ. ከ1974ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ የንጉሡ ሚና የክብር ብቻ መሆኑን ልጆቻችን ሳይቀሩ ያውቃሉ። ከአገሪቱ 290 ኮሙኖች አንዱ ስለ ሆነው ስለ ራሳችን ኮሙን ግን አንነጋገርም። አብዛኛው ሠራተኛ የሚከፍለው የገቢ ግብር፣ በአማካይ ከ100 ክሮነር 32 ገደማ የሚሆነው፣ የሚገባው ለኮሙኑና ለክልሉ ነው፤ ትምህርት ቤቱንና የአረጋውያን እንክብካቤውን የሚያስተዳድረው ኮሙኑ፣ ሕክምናውን ደግሞ ክልሉ ነው።

«ዜግነት ሳይኖረኝ ምን አገባኝ?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ለሪክስዳግ ለመምረጥ በእርግጥ ዜግነት ያስፈልጋል፤ ዕድሜው 18 የሞላና ለ3 ተከታታይ ዓመታት በስዊድን በነዋሪነት የተመዘገበ ሰው ግን የውጭ ዜጋም ቢሆን ለኮሙንና ለክልል ምክር ቤት ይመርጣል፣ ይመረጣልም። ይህ መብት በመጀመሪያ በሠራበት እ.ኤ.አ. በ1976ቱ ምርጫ ከውጭ ዜጎች መካከል ከ10 ስድስት ያህሉ ድምፅ ሰጥተው ነበር፤ ዛሬ ግማሹም አይወጣም።

«ማኅበሩ ፖለቲካ ውስጥ ገባ» ብለው ክፍያቸውን ያቆሙ አባላትም ዛሬ እዚህ የሉም። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ በአገር ቤት ፖለቲካ የተከፈለ ማኅበር አይተናልና። እኛ ግን ማንን ምረጡ አላልንም፣ ደንባችንም አይፈቅድልንም። ቅሬታቸውን ከሌላ ሰው ከምሰማ እዚህ መጥተው ፊት ለፊት ቢከራከሩኝ እመርጥ ነበር።

የ2022ቱ ምርጫ የዋለው ልክ በእንቁጣጣሽ ዕለት ነበር፤ አዳራሻችን ሞልቶ ሲያመሽ ስንቶቻችን የምርጫ ካርዳችንን ሳንጠቀምበት እንደ ቀረን እናውቃለን። የፊታችን ምርጫ እሑድ ሴፕቴምበር 13 ቀን 2026፣ መስከረም 3 ነው። በዕለቱ የማይመቸው ሰው ከ18 ቀናት በፊት ጀምሮ አስቀድሞ መምረጥ ይችላል። ስለዚህ ኮሚቴው የእንቁጣጣሽ ዝግጅታችን ቅዳሜ መስከረም 2 እንዲሆን ሐሳብ ያቀርባል፤ ውይይቱንም በዚሁ እንጀምር።