ቅዳሜ ወንዝ እንወርዳለን፣ ግን መጀመሪያ...

እሺ፣ እየቀዳ ነው። እንደምን ሰነበታችሁ። ባለ ቴርሞሱ ጓደኛችን "ዛሬ የቅዳሜውን ጉዞ ብቻ ተናገር፣ ሌላ ነገር ውስጥ አትግባ" ብሎኛል። እሞክራለሁ።

ሻድ የሚባለው ዓሣ ገብቷል። በየዓመቱ ከማርች እስከ ሜይ ከውቅያኖስ ተነስቶ የፖቶማክን ወንዝ ሽቅብ ይወጣል፣ ዕንቁላሉን ሊጥል። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ወንዙ ዳር ካለው ፍሌቸርስ ኮቭ ጀልባ የምንከራይ ከሆነ ማልደን ነው የምንሄደው። ማታውኑ ደግሞ ሊትል ፎልስ ያለውን የውሃ መለኪያ እዩ። ዲሲ ፀሐይ ቢሆንም ከላይ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ዝናብ ከጣለ ወንዙ ይሞላል፤ ሲሞላ ጀልባ አይሰጡም። የማጥመጃ ፈቃዳችሁ የዲሲ ይሁን። ቨርጂኒያ ያላችሁ በተለይ ስሙኝ፤ ዲሲ ክልል ውስጥ ውሃው እስከ ቨርጂኒያ ዳርቻ ድረስ የዲሲ ነው። ከ16 እስከ 64 ዓመት የሆነ ሁሉ ፈቃድ ያወጣል። 65 የሞላው አያስፈልገውም፣ ዕድሜውን የሚያሳይ መታወቂያ ከያዘ ይበቃዋል።

እና... እዚህች ጋ ስደርስ እሳቸው ይመጡብኛል።

ባለፈው ከዳር ሆነው የሚያጠምዱ አንድ አባት ነበሩ። ነጭ ጋቢ ከጃኬት በላይ፣ አጠገባቸው የልጅ ልጃቸው፣ ባልዲ። ገና ሳያቸው የእኛ ሰው መሆናቸውን አውቄያለሁ። ዘንጉ ጎበጠ፣ ልጅቷ ጮኸች፣ እሳቸው ሳይቸኩሉ ሳቡ ሳቡና አወጡ። ትልቅ ሻድ። ወደ ባልዲው ሊያስገቡ ሲሉ ነው እኔ የደረስኩት። "አባቴ፣ እንደምን ዋሉ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄኛው ዓሣ አይወሰድም፣ ይለቀቃል" አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። "እኔ ፈቃድ አያሻኝም። ሰባ አልፎኛል" አሉ። እውነታቸውን ነው! ሕጉን ያውቃሉ። "ፈቃዱስ አያስፈልግዎትም፤ ሻድን ግን ማንም ቢሆን ቤቱ አይወስድም" አልኩ። ልጅቷ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ታያለች። ያ ዝምታ...

ከዚያ ምን አደረጉ፣ የዓሣዋን ሆድ በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አድርገው "ዕንቁላል ይዛለች" አሉ። ለእኔ አልነበረም፣ ለልጅቷም አልመሰለኝም። ጎንበስ ብለው ውሃው ውስጥ ከተቷት፣ ግን አልለቀቋትም። አፏን ወደ ወራጁ አዙረው ያዟት። የሻድ ቅርፊት ታውቃላችሁ፣ ቶሎ ነው የሚለቀው፤ መዳፋቸው ላይ እንደ ብር ሳንቲም ተለጥፏል። ጅራቷ ሲበረታ እጃቸውን ከፈቱላት። እኔ እስከ ዛሬ እንደዚያ በትዕግሥት የለቀቅኩት ዓሣ የለም።

"ከየት ነዎት?" አልኳቸው፣ ሌላ የምለው ጠፋኝ። "ፎገራ። ጉማራ ዳር ነው ያደግሁት" አሉ።

ጉማራ! ስለ ጉማራ እዚህ ስንት ጊዜ አውርተናል። የጣና ነጭ ዓሣ በክረምት ወደ ጉማራ የሚወጣው ልክ እንደዚህ ዕንቁላል ሊጥል ነው። 15 ያህል ዝርያ አለው፣ አብዛኛው ከጣና በቀር በዓለም የለም። የወንዙ አፍ ላይ መረብ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል፣ ወይ ደግሞ ውሃው ላይ የብርብራ ዱቄት ይበተናል። በ1995 ዓ.ም. የወጣ የዓሣ ሀብት አዋጅ አለን፣ ቁጥር 315። አለን። ከሐይቁ ያ ዓሣ እያነሰ ሲሄድ ግን ወረቀቱ ላይ ያለው ወንዙ ዳር ስንቱ ጋ ደረሰ?

እዚህም እኮ ቀላል አልነበረም። ጆርጅ ዋሽንግተን ራሱ ፖቶማክ ዳር ባለው ርስቱ፣ ማውንት ቨርነን ላይ፣ ሻድና ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ እያስጠመደ ይሸጥ ነበር፣ ያን ያህል ሞልቶ ነበር። ከዚያ መረቡ፣ ግድቡ፣ ቆሻሻው... ሜሪላንድ በፈረንጆቹ 1980 ሻድ ማጥመድን ዘጋች፣ ፖቶማክ ላይ በ1982 ተከለከለ። ከፈረንጆቹ 1995 ጀምሮ ዕንቁላሉ እየተሰበሰበ፣ እየተፈለፈለ ወደ ወንዙ ተመለሰ፤ የትምህርት ቤት ልጆች ሳይቀሩ ክፍላቸው ውስጥ ፈልፍለው ለቀዋል። ሊትል ፎልስ ግድብ ላይ በ2000 የዓሣ መተላለፊያ ተከፈተ። ይሄ ሁሉ ድካም አለበት። ስለዚህ በሕጉ አምናለሁ፣ ነገም ባገኝ እናገራለሁ።

ግን ልጅቷ ፊት መሆኑ። ባለቤቴ "ለብቻቸው ጠጋ ብለህ ብትነግራቸውስ" አለችኝ። እንዴት ለብቻቸው? ዓሣዋ እስከዚያ ትሞታለች። ደግሞ እሳቸው የተቀየሙ አይመስለኝም... ወይ ተቀይመዋል፣ በእኛ ሰው ፊት ላይ እኮ አይነበብም። ዘንጋቸውን ሰብስበው "ደህና ዋል ልጄ" ብለው ሄዱ። "ልጄ" ያሉኝ ከልብ ነው? ወይስ... ተዉት።

አንድ ነገር አስቤ ነበር፣ ደንቡን በአማርኛ አንድ ገጽ አድርጎ ማተም። የሚለቀቀውን ከነሥዕሉ፤ ብሉ ካትፊሽ የሚባለውን ዓሣ ግን አጥምዱት፣ እሱ መጤ ነው፣ ከመብላታችሁ በፊት የጤናውን ማሳሰቢያ ተመልከቱ፣ እንዲህ እያለ። ለቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይሆናል። ግን ሁዳዴ ላይ የዓሣ ወረቀት ይዤ ብቆም ደግሞ የጾሙ ክርክር ይነሳል፤ እሱን ዛሬ አልነካውም።

ለእሳቸው ሳይሆን እንደ እኔ ላለው ነው ወረቀቱ የሚያስፈልገው መሰለኝ። እሳቸው እኮ ዕንቁላል መያዟን በጣታቸው... እኔ ባልደርስ ይለቋት ነበር? አንዳንዴ አዎ እላለሁ። ባልዲው ግን ውሃ ነበረበት፣ ለምን ውሃ ሞሉት?

ቆይ፣ አንድ ሰው ስለ ሌላኛው የሻድ ዓይነት፣ ስለ ሂኮሪ ሻድ ጠይቆኛል። እሱም ይለቀቃል። ነጭ ፐርች የሚባለው ዓሣ ግን... እሱን ጓደኛችን ይንገራችሁ፣ እየደወለ ነው...