ባትሪው ሌላ፣ ምልክቱ ሌላ፦ ኦቲዝም፣ አንጎልና የልጆች ክብደት

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ዛሬ ኦቲዝም ስላለባቸው ልጆች ክብደት እናወራለን። ግን መጀመሪያ ስለ ስልክ።

ስልካችሁን አስቡት። ጥግ ላይ ያለችው የባትሪ ቁጥር 80 ትላለች። ተረጋግታችሁ ትወጣላችሁ። ከዚያ ድንገት ድርግም! ባትሪው ቀድሞም አልቆ ነበር፣ የዋሸችው ቁጥሯ ናት። ተቃራኒውም አለ። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ሲደረግ ያደረ ስልክ 5 ይላል። ቻርጀር ፍለጋ ትሯሯጣላችሁ። የሞላውን ትሰካላችሁ። ትንሽ ቆይታችሁ እንደገና ትሰካላችሁ። ባትሪው ሌላ፣ ምልክቱ ሌላ። ይህቺን ያዙልኝ።

ረሃብም እንደዚያ ነው። ሆድ ባዶ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ አንጎል ያንን ማንበቡ ሌላ ነገር ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ጋ የረሃብና የጥጋብ ምልክት ደብዝዞ ወይም ተዛብቶ ይደርሳል።

አንድ ልጅ አስቡ። ጠዋት መኪናዎቹን መደርደር ጀመረ። ቀዩን ከቀይ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ። ምሳ ቀረበ፣ ዞር ብሎም አላየው። ከሰዓት በኋላ አንዷ መኪና ወደቀች። ልጁ መሬት ላይ ተንከባለለ፣ ጮኸ፣ እጁን ነከሰ። ቤተሰቡ መኪናዋን ቶሎ አነሳለት። ጩኸቱ አልቆመም። ርቦት ነበር። መራቡን ግን ራሱም አላወቀም።

ሳይንሱን ቶሎ ልበለው። የረሃብ ዋናው መቆጣጠሪያ ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የተገኘው ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ከስብ ሕዋሳት እየመነጨ «ስንቅ አለ» ይለዋል። ከውስጥ የሚመጣውን ስሜት የሚያነበው ደግሞ ኢንሱላ የሚባል ሌላ የአንጎል ክፍል ነው። የጂን መንገድም አለ። ጂኖችን ከሚሸከሙት ክሮሞዞሞች በ16ኛው ላይ 16ፒ11.2 የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ቁራጭ ሲጎድል ውፍረት ይበዛል፤ ያው ቁራጭ ሲደገም ቅጥነት ይበዛል። ሁለቱም የኦቲዝምን ዕድል ይጨምራሉ። እኔ ይህን ሳነብ ለደቂቃዎች ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ።

አሁን ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ ወደጻፋችሁልኝ ልምጣ። «እናትየው አሞላቅቃው ነው እንጂ ልጅ ሲርበው ይበላል።» አይደለም! ለዚህ ልጅ የምግብ ሽታ፣ ልስላሴ፣ ድምፅ ሳይቀር ከአቅም በላይ ሊሆን ይችላል። የሚወደው ብስኩት ማሸጊያው ስለተቀየረ ብቻ አፉን የሚዘጋ ልጅ አለ። ለእሱ ያ ብስኩት ሌላ ብስኩት ነው። የሚቀበላቸው አምስት ምግቦች ደግሞ ስኳርና ዱቄት የበዛባቸው ከሆኑ ክብደት ይጨምራል። እናት ምን አጠፋች? እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኦቲዝምን ራሱን «ከቀዝቃዛ እናት የመጣ ነው» ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 በርናርድ ሪምላንድ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ራሱም ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት፣ ያንን ሐሳብ በመጽሐፍ ሞገተ። ስንት እናት አልቅሳ ካለቀች በኋላ! ዛሬ በምግብ በኩል ያንኑ ክስ ስሰማ ያናድደኛል።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ ለአንዲት እናት ደግሞ ላኩላት።

ክብደት የሚጨምር መድኃኒትም አለ። ለከባድ ቁጣና ራስን መጉዳት የሚታዘዙት ሪስፐሪዶንና አሪፒፕራዞል የምግብ ፍላጎትን ሊጨምሩ ይችላሉ። ክብደት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከፍ ሊል ይችላል። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። ከመጀመሩ በፊት ልጁ ይመዘን፣ ቁጥሩ ይጻፍ፣ በየጊዜው ሐኪሙ ይየው።

ቤት ውስጥስ? ምልክቱ ካልታመነ ሰዓቱን እመኑ። ምግብ በቋሚ ሰዓት፣ የምግብ ሥዕል ግድግዳ ላይ። አዲሱ ምግብ ከሚወደው አጠገብ በትንሹ ይቀመጥ። ዛሬ ካየው ይበቃል፣ ነገ ይነካዋል፣ ከነገ ወዲያ ያሸተዋል።