ከኮኩራ ሰማይ በላይ

እንደምን ሰነበታችሁ። ስለ ሂሮሺማ ከተነጋገርንበት ክፍል ወዲህ የላካችሁልኝን የድምፅ መልእክቶች አንድ በአንድ አዳምጫለሁ፤ ከልብ አመሰግናለሁ። አንዳንዶቻችሁ የአቶም ቦምቡ ጦርነቱን አሳጥሯል ትላላችሁ፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ ጃፓን ያለዚያም እጅ ለመስጠት ተቃርባ ነበር ትላላችሁ። በሁለቱም ወገን ግን ናጋሳኪ የምትነሣው ለስም ያህል ብቻ ነው፤ ከሂሮሺማ ጋር አብራ ትጠራና ትታለፋለች። እኔን ሰላም የነሳችኝ እርሷ ናት፤ ከእርሷም ይልቅ ከእርሷ በፊት የነበረው ያ አንድ ሰዓት የማይሞላ ጊዜ።

ዕለቱ እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1945 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 3 ቀን 1937፣ ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን። ከቲኒያን ደሴት በሌሊት የተነሣው ቦክስካር የተባለው አውሮፕላን የተላከው ወደ ናጋሳኪ አልነበረም። የተላከው ትልቅ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ወደ ነበረባት ወደ ኮኩራ ነው። አብራሪው ሻለቃ ቻርልስ ስዊኒና ባልደረቦቻቸው ቦምቡን ዒላማውን በዓይን አይተው እንዲጥሉት ታዘዋል። ኮኩራ ሲደርሱ ግን ከተማዋ በደመናና በጭስ ተሸፍናለች፤ ጎረቤቷ ያዋታ ከአንድ ቀን በፊት ስትደበደብ ውላ ነበር። አንድ ጊዜ አለፉ፤ ዒላማው አልታይ አለ። ዞረው መጡ፤ አሁንም አልታየም። ለሦስተኛ ጊዜ ዞሩ። በዚህ መካከል ነዳጃቸው እያለቀ ነው፤ የመጠባበቂያውን ነዳጅ የሚስበው ፓምፕ ገና ከመነሻው አልሠራ ብሏቸዋል።

እዚህ ላይ ነው የምቆመው፤ ሁልጊዜ። በእነዚያ ሦስት ዙሮች ውስጥ የኮኩራ ሕዝብ በሕይወትና በሞት መካከል ነበረ፤ ይህንንም የሚያውቅ በመካከሉ አንድ ሰው አልነበረም። ውኃ የሚቀዳው፣ ልጁን የሚፈልገው፣ በፋብሪካው የተሰለፈው፣ ሁሉም ከላያቸው ያለውን አያውቁም። ከላይ ያሉት ደግሞ ስለ ጃፓን መንግሥት፣ ስለ ጦርነቱ ማብቂያ፣ ስለ ሕፃናትም የሚወስኑት ነገር የለም፤ የሚፈልጉት በደመናው ውስጥ ክፍተት ነው። ክፍተቱ አልተገኘም። ወደ ናጋሳኪ ታጠፉ። እዚያም ደመና ነበር፤ ነገር ግን በመጨረሻው ሰዓት ገለጥ አለላቸውና ከቀኑ 5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ ቦምቡ ፈነዳ። ከታሰበው ቦታ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ የካቶሊክ ምእመናን ለዘመናት በኖሩበት በኡራካሚ ሸለቆ ላይ ነበር የፈነዳው። ከዚያ ግማሽ ኪሎ ሜትር በምትርቀው ካቴድራል ውስጥ ምእመናን ለእመቤታችን የዕርገት በዓል ሲዘጋጁ ንስሐ ለመግባት ተሰብስበው ነበር። እኛ በዚያው ሳምንት ሱባኤ የያዝን ሰዎች ይህን ስንሰማ እንዴት ዝም ብለን እናልፈዋለን? እስከዚያ ዓመት መጨረሻ ድረስ በናጋሳኪ 70,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል።

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። "ለመጠቀም የተወሰነው ውሳኔ ትክክል ነበር ወይ?" ብለን እንጠይቃለን። ስለ ናጋሳኪ ስጠይቅ ግን ውሳኔውን ፈልጌ አጣሁት። ያለው ጁላይ 25 ቀን የተጻፈው ትእዛዝ ነው፤ ለጃፓን የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ የሆነው የፖትስዳም መግለጫ ከመውጣቱ አንድ ቀን ቀድሞ ማለት ነው። ትእዛዙ የመጀመሪያው ቦምብ ከኦገስት 3 ገደማ በኋላ የአየሩ ጠባይ እንደፈቀደ እንዲጣል፣ ተጨማሪዎቹም ተሠርተው እንደተዘጋጁ እንዲጣሉ ይላል። ከሂሮሺማ በኋላ ማንም ተቀምጦ "እንድገመው ወይስ እንጠብቅ?" ብሎ አዲስ ትእዛዝ አላወጣም። እንዲያውም ሁለተኛው ለኦገስት 11 ታስቦ ነበር፤ አየሩ ሊበላሽ ነው ስለተባለ ወደ 9 ተሳበ። የጃፓን ሳይንቲስቶች ሂሮሺማ ደርሰው የሆነውን በዓይናቸው ያረጋገጡት እኮ ኦገስት 8 ነው!

ፕሬዚዳንት ትሩማን በግልጽ የወሰኑት ኦገስት 10 ነው። በዚያ ቀን ያለ እርሳቸው ልዩ ፈቃድ ሌላ አቶም ቦምብ እንዳይጣል አዘዙ። የንግድ ሚኒስትሩ ሄንሪ ዋላስ በዕለት ማስታወሻቸው እንደጻፉት፣ ሌላ 100,000 ሰው ማጥፋት ለፕሬዚዳንቱ እጅግ ዘግናኝ ሐሳብ ሆኖባቸው ነበር፤ እነዚያን ሁሉ ልጆች መግደልን አልወደዱም። ይህን ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነበር፤ ወዲያው ግን ቁጣ ተከተለው። ኦገስት 10 ማቆም የሚቻል ከሆነ ኦገስት 8ም ይቻል ነበር።

አጎቴን ታውቋቸዋላችሁ፤ የጾረናውን ጦር ግንባር ነገር ደጋግሜ አንሥቼላችኋለሁ። ይህንን ሁሉ ብነግራቸው በትዕግሥት ሰሙኝና "አንቺ ልጅ፣ ነገ ከምሽግ ትወጣለህ ተብሎ ያደረን ሰው ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ለኖቬምበር 1 በታቀደው፣ ኪዩሹ በተባለችው የጃፓን ደሴት ወረራ ይሳተፉ ዘንድ የሚጠባበቁት ወታደሮች በኦኪናዋ የሆነውን ያውቁ ነበር፤ በዚያ ከ12,000 በላይ አሜሪካውያን፣ ከዚያም እጅግ የሚበዙ የጃፓን ወታደሮችና የደሴቲቱ ነዋሪዎች አልቀዋል። በቻይናም ጦርነቱ በዋለ ባደረ ቁጥር የሚረግፈው ሕዝብ ነበር። የእነርሱ ነፍስ ከኡራካሚዎቹ ነፍስ ያነሰ አይደለም። ደግሞስ በማርች 1945 ቶኪዮ በተቃጠለችበት በአንዲት ሌሊት 100,000 ያህል ሰው ሲሞት ማን አቶም ጠየቀ? ምናልባት ድንበሩ የታለፈው ያኔ ይሆናል፤ ምናልባት እኔ የምጣላው ዘግይቼ ይሆናል። ይህን እያሰብሁ ነው የሰነበትሁት፤ ልቤ ግን አልረጋም።

በዚህ ጉዳይ ሀገራችን ዝም አላለችም፤ ይህም በብዛት አይነገርም። እ.ኤ.አ. በ1961 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የኒውክሌር መሣሪያን መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር የሚጥስና በሰው ዘር ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ያለበት ውሳኔ ቁጥር 1653 በኢትዮጵያ አነሣሽነት የቀረበ ነበር። 55 ሀገሮች ደገፉት፣ 20 ተቃወሙት፣ 26 ድምፅ ከመስጠት ታቀቡ፤ አሜሪካ፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ ከተቃወሙት መካከል ናቸው። ኢጣሊያ የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት ፈርማ ሳለ የመርዝ ጋዝ ያዘነበችበት ሕዝብ ይህን ሐሳብ ማቅረቡ ያኮራኛል። ሆኖም ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ1996 ጥያቄው ሲቀርብለት፣ የአንድ መንግሥት ህልውና አደጋ ላይ ሲወድቅ መጠቀም ሕጋዊ ይሁን ሕገ ወጥ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም አለ፤ ዳኞቹም 7 ለ7 ተከፍለው ነገሩ በፕሬዚዳንቱ ድምፅ አለፈ። ጦርነት የገጠመ መንግሥት ሁሉ ህልውናዬ አደጋ ላይ ነው ይላል እኮ። ጃፓንም ያኔ ይህንኑ ትል ነበር።

ሌላው ያልተፈታልኝ የጃፓኑ የጦር ሚኒስትር የጄኔራል አናሚ ነገር ነው። ኦገስት 9 ጠዋት፣ ሶቪየት ኅብረት ማንቹሪያን በወረረች በሰዓታት ውስጥ፣ ስድስቱ የጃፓን መሪዎች ቶኪዮ ተሰብስበው ነበር፤ የናጋሳኪ ዜና የደረሰው በስብሰባው ላይ ሳሉ ነው። ከዜናው በኋላም በእጅ መስጠቱ ሁኔታ ላይ ሦስት ለሦስት እንደተከፈሉ ቀሩ፤ ነገሩን የቋጨው የንጉሠ ነገሥቱ ቃል ነው። አሜሪካ ብዙ ቦምብ አይኖራትም ይሉ የነበሩትን ሁለተኛው አፍ አስይዟቸዋል የሚል ክርክር አለ፤ ይህን በቀላሉ መጣል አልችልም። አናሚ ግን በዚያው ቀን አንድ የተማረከ አብራሪ አሜሪካ 100 ቦምብ አላት እንዳለ ለሚኒስትሮቹ ነግረው፣ እንደዚያም ሆኖ እንዋጋ ነበር ያሉት። መቶ እንዳለ የሰማ ሰው ካልተመለሰ፣ ሁለተኛው ለማን ነበር የተጣለው? ወይስ ለንጉሡ… እርሳቸው ደግሞ ስለ ሶቪየቶቹ አስቀድመው ሰምተዋል፣ ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ለመለየት…