አንድ ድምፅ ይዞ የኖረው ሎሬንዞ ሚዩዚክ

[ምስል፦ ብርቱካናማ ድመት ሶፋ ላይ ተጋድሟል]

ተራኪ፦ ልብ ብላችሁ እዩት። እያወራ ነው፤ አፉ ግን አይንቀሳቀስም። ጋርፊልድ በቴሌቪዥን ካርቱኑ የሚናገረው በሐሳቡ ነው። ይሄ የሠዓሊውን ሥራ ያቀልላል፤ የተዋናዩን ግን ያከብዳል። ቀልዱን የሚያግዝ ከንፈር ስለሌለ ሁሉንም የሚሸከመው ድምፁ ነው።

የድምፁ ባለቤት ሎሬንዞ ሚዩዚክ ይባላል። በ1937 ብሩክሊን ተወለደ፣ ዱሉዝ ሚኒሶታ አደገ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ ከባለቤቱ ከሄንሪዬታ ጋር መድረክ ላይ እየተቀባበሉ ያስቁ ነበር። ቀጥሎ ወደ ጽሑፍ ዞረ። በ1969 ኤሚ የተባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ካገኙት የስማዘርስ ወንድማማቾች የቴሌቪዥን ኮሜዲ ጸሐፊዎች አንዱ ነው። በ1972 ደግሞ ከዴቪድ ዴቪስ ጋር ሆኖ የኮሜዲያኑን የቦብ ኒውሃርትን የቴሌቪዥን ሾው ፈጠረ።

[ምስል፦ የአፓርታማ በር፣ ግድግዳው ላይ ኢንተርኮም]

በ1974 «ሮዳ» የተባለው ኮሜዲ ሲጀመር ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ እሱ ነበር። እዚያው ዘበኛውን ካርልተንን ሆኖ ተጫወተ። ካርልተን ፊቱ አይታይም፤ በኢንተርኮም እንቅልፍ የተጫጫነው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሰው የወደደለትም ያንኑ ድምፅ ነው። ሌሎች የካርቱን ተዋንያን በአንድ ቀን አምስት ሰው ሆነው ይውላሉ፤ ሚዩዚክ ግን ዕድሜውን ሙሉ ያንኑ አንዱን ይዞ ሠራ። በእኛ ግምት ችሎታው ያለው ድምፅ በመለዋወጥ ሳይሆን መቼ ዝም እንደሚባል በማወቅ ነው።

በ1982 ጋርፊልድን ያዘ፤ ከ1988 እስከ 1994 በተከታታዩ ካርቱን ቀጠለ። በመሃል፣ በ1986፣ አሜሪካዊው ተዋናይ ቢል መሪ «ጎስትባስተርስ» በተባለው ፊልም የተጫወተውን መንፈስ አዳኙን ፒተር ቬንክማንን በፊልሙ ካርቱን ተናገረለት። በ1987 ግን ሚናው ለሌላ ተዋናይ፣ ለዴቭ ኩሊዬ ተሰጠ። ሚዩዚክ በ2001 በካንሰር ሞተ። በ2004 ጋርፊልድ ለሲኒማ ሲሠራ ድምፁን የሰጠው ማን መሰላችሁ? ቢል መሪ!

[ምስል፦ ማይክ፣ በቅርበት]

አሁን ይሄን ዓይነት ድምፅ በአማርኛ መቅዳት ለሚፈልግ። ማይኩ ከአፍ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ይራቅ፣ ትንሽ ወደ ጎን ይዙር፤ ፊት ለፊት ከሆነ ጰ እና ፐ ይፈነዱበታል። በለሆሳስ ስለሚወራ ጌይኑ (ማይኩ የሚይዘውን ድምፅ የሚያጎላው መቆጣጠሪያ) ከፍ ይላል፤ ያኔ የፍሪጁም የመንገዱም ድምፅ አብሮ ይገባል። ስለዚህ ፍሪጁን ንቀሉ፣ መስኮት ዝጉ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። ስንፍና የሚጫወት ሰው የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ይውጣል። የአማርኛ ግስ ደግሞ ያለው እዚያው መጨረሻ ላይ ነው። «ሰኞን አልወድም» ሲባል ጅራቱ ከተዋጠ አድማጩ «ሰኞን አል...» ብቻ ሰምቶ ይቀራል፤ ቀልዱም አብሮ ይሞታል። መውረድ ያለበት የድምፁ ቃና እንጂ ትንፋሹ አይደለም። ጽሑፉ ላይ ከግሱ በፊት በእርሳስ ሰረዝ አድርጉ፤ እዚያ ስትደርሱ አየር ሳቡ፣ ግማሽ ሰከንድ ያህል ቆዩ፣ ከዚያ ግሱን እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ አውጡት፦ «ሰኞን / አልወድም።»